ከጎተራ እስከ ጎተራ

ኤልዳና የምትሠራው ሳሪስ፣ ድሮ የዱቄት መጋዘን በነበረው የድምፅ ማኖሪያ ቤት ነው። የሥራ መደቧ «አስለማጅ» ይባላል። ምን እንደምታስለምድ የተጠየቁ ጎረቤቶቿ «የሆነ የድሮ ሙዚቃ» ብለው ያልፉታል፤ እነሱም አይፈረድባቸውም። ሙዚቃው ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው። አንዱ ሥራ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ መሀል ላይ ምቱን ይቀይራል፣ ዘፋኙ ጠፍቶ ይቆይና ሰው ሁሉ ከረሳው በኋላ ይመለሳል። ከእሷ በፊት የነበረው አስለማጅ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ሲያስረክባት፣ ሰውን ይህን ሙዚቃ ከማስለመድ ድመትን ዋና ማስተማር ይቀላል ብሏት ነበር። ያኔ ስቃ ነበር።

ጠዋት በሩን ትከፍታለች፣ ወንበሩን ትወለውላለች፣ ከበሩ በላይ ያለችው መብራት መሥራቷን ታያለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። የሚመጡት የዜግነት ሰዓታቸውን የሚሞሉ ናቸው። ማንኛውም ሰው በዓመት ውስጥ የተወሰነ ጊዜውን ለሕዝብ ተቋም መስጠት አለበት፤ ጉልበት ያለው ችግኝ ያጠጣል፣ ትዕግሥት ያለው ሆስፒታል ሄዶ ሰልፍ ያስይዛል። እግሩን ያመመው ደግሞ ወንበር ስላለ የድምፅ ማኖሪያ ቤትን ይመርጣል።

የሚመጣ ሁሉ ሹኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ነው የሚመጣው። ሹክ የሚሉት ትንሽ የጆሮ መሣሪያ የባለቤቱን የልብ ትርታ እየተከተለ ለእሱ ብቻ የሆነ ዜማ ያንቆረቁርለታል። ሳይሰለቸው ይቀይርለታል፣ ሲከፋው ያባብለዋል፤ አንድን ዘፈን ሁለት ሰው የሰማበት ጊዜ ከተረሳ ቆይቷል። ሠርግ ላይ እንኳ ሁሉም በየጆሮው ነው የሚጨፍረው፤ የአንዱ ትከሻ ሲወርድ የሌላው ይወጣል፣ ሙሽሮቹም እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ይህ ለዓይን የሚከብደው እንደ ኤልዳና ላሉ ስልሳ ለተጠጉ ሰዎች ብቻ ነው።

ሹክ የሚወልቀው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቅርጫት ይቀመጣል፤ ለቅሶ ደራሹ ሹኩን እዚያ ጥሎ ባዶ ጆሮውን ይገባል፣ ሲወጣ አንስቶ ይሄዳል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ከዚያ ውጭ ሰው ፊት ሹክን ማውለቅ ሱሪን እንደማውለቅ ይቆጠራል፣ ኤልዳናም ማንንም አውልቅ ብላ አታውቅም።

ስለዚህ ሙዚቃውን በየሹኮቻቸው ትለቅላቸዋለች። አዲስ ሰው እንደተቀመጠ ከበሩ በላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ትሆናለች። ኤልዳና አጠገቡ ተንበርክካ የወንበሩን እጀታ በጣቷ ትመታለች፤ ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ምቱ ሰባት እንደሆነ፣ እንዳያደናቅፈው እንደዚህ ከፋፍሎ ቢይዘው እንደሚቀለው ትነግረዋለች። ሰውየው በጨዋ ደንብ ራሱን ይነቀንቃል። ትንሽ ቆይቶ መብራቷ ብጫ ትሆናለች። ሹኩ ባለቤቱ መሰልቸቱን አውቆ የራሱን ዜማ ደርቦበታል ማለት ነው። ሰውየው ግን አያውቀውም፤ ሲወጣ ደስ እንዳለው ይነግራታል፣ እሷም ታመሰግነዋለች። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

በግንቦት አለቃዋ አቶ ክሩቤል ቢሮው ጠራት። ክሩቤል ረጅም፣ ትህትና የሚያበዛ፣ ክፉ ነገር ሲናገር መነጽሩን የሚያወልቅ ሰው ነው። መነጽሩን አወለቀ። ከሦስት ዓመት በፊት በወጣው ደንብ መሠረት አንድ የሙዚቃ ዓይነት በማኖሪያ ቤቱ የሚቆየው በዓመት ቢያንስ አንድ አዲስ ሰው አንድ ሥራ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ማንም ሳያዘው በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ካልመጣ ይከደናል። የተከደነ ነገር ደግሞ በአገሪቱ ውስጥ የትም አይከፈትም፣ በማንም እጅ ያለው ቅጂም ጭምር። ዲስኮ አምና ተከድኗል፣ የማርሽ ባንድ ካቻምና። ፕሮግረሲቭ ሮክን በይሉኝታ ለሁለት ዓመት አስታመውታል፤ ዘንድሮ ግን ጳጉሜ የመጨረሻው ነው።

ኤልዳና እሺ ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ሊሰማት የሚገባውን ነገር ፈለገችና አጣችው። ሹኳ የሚሆናትን ዜማ አውጥቶ ጆሮዋ ውስጥ አስተካክሎላት ነበር።

ጀሞ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወንድሟ ያፌት ተኝቷል። ያፌት በወጣትነቱ «ቀለበት መንገድ» የሚባል ባንድ ውስጥ ድራመር ነበር። አራት ነበሩ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹን ጌዲዮንን ጨምሮ ሦስቱ ሞተዋል። ከሠሩት ሁሉ የተረፈው አንድ ቅጂ ሲሆን እሱም ሳሪስ ነው ያለው፤ «ከጎተራ እስከ ጎተራ» ይባላል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ይጀምርና በቀለበት መንገዱ እንደሚሄድ ሚኒባስ ይዞራል፤ ይቆማል፣ ያስጭናል፣ ይጣላል፣ ይሮጣል፣ መጨረሻ ላይ የተነሣበት ቦታ ይመለሳል። በየዓመቱ ኤልዳና ለአዲስ ሰው የምትለቀው እሱን ነው። ሌሎቹ የውጭ አገር ሥራዎች የትም ይኖራሉ፣ ሌላ አገር ሌላ ማኖሪያ ቤት አለ። ይህኛው ግን ሳሪስ ከተከደነ ያፌት ከነጓደኞቹ ጠፋ ማለት ነው።

ያፌት ኩላሊቱ እምቢ ብሎት እግሩ አብጧል። ጣቶቹ ግን አይተኙም፤ ብርድ ልብሱን ሲደበድቡ ይውላሉ፣ ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ማታ ማታ ስትገባ ማን እንደመጣ ይጠይቃታል። አንዳንዴ እውነቱን ትነግረዋለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አንድ ሰው እስከ እኩሌታው ሰምቷል ትላለች። እሱም እንደምትዋሽ ያውቃል፣ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ በዚህ ተስማምተው ይኖራሉ።

ስለ መከደኑ በነገረችው ቀን ጣቶቹ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ።

«ኤልዲ፣ እኔ ስሞት ብትረሱኝ ግድ የለኝም» አላት። «ያኛውን መሀሉን ግን፣ ጌዲዮን ኪቦርዱን ይዞ ሲገባ እኔ የማቆምበትን፣ እሱን አንድ ሰው ይስማው። አንድ ሰው ብቻ። ከዚያ ይክደኑት።»

ሰኔ አጋማሽ ላይ ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ መጣች። የቅድመ አያቶች ስም ተመልሶ ፋሽን ከሆነ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ ጥሩወርቅና ድንበሩ ነው፤ ቤቲና ናቲ የሚባሉት አሮጊትና ሽማግሌ ሆነዋል። ጥሩወርቅ ቃሊቲ ዕቃ ማራገፊያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ተቀመጠች፣ የወንበሩን እጀታ ምት በትህትና አየች፣ ዓይኗን ጨፈነች። መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነች ቆየች። ኤልዳና ብጫውን ስትጠብቅ ምቱ ተቀየረ፣ ጌዲዮን ገባ፣ ያፌት አቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ ሚኒባሱ ጎተራ ደረሰ። መብራቷ አረንጓዴ ናት። ኤልዳና ተበላሽታ ይሆናል ብላ በመጥረጊያ እንጨት ነካ ነካ አደረገቻት።

በሳምንቱ ጥሩወርቅ ማንም ሳያዛት ተመልሳ መጣች። ያንኑ ሥራ ጠየቀች፣ መብራቷም እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ነበረች።

የዚያን ዕለት ማታ ኤልዳና እውነቱን ነው የተናገረችው። ያፌት መጀመሪያ እንደተለመደው ሰማት፤ ከዚያ ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር አገኘና ቀና አለ። መሀሉ ላይ የልጅቷ ፊት እንዴት እንደነበር ጠየቃት። ዓይኗ ተጨፍኖ እንደነበር ነገረችው። «እንደሱ ነው የሚሰማው» አለና ትራሱን ገልብጣ እንድታስተካክልለት ጠየቃት፤ ያን ሌሊት ደህና ተኛ።

በደንቡ መሠረት የቀረ አንድ ነገር ነበር። ተመልሶ የመጣው ሰው አለቃው ፊት ቀርቦ ስለሰማው ነገር አንድ ቃል መናገር አለበት። ጥሩወርቅ ክሩቤል ፊት ቀረበች፤ ኤልዳና በሩ አጠገብ ቆማለች። ክሩቤል በጨዋነት ምን እንዳመላለሳት ጠየቃት። ልጅቷ ወደ ኤልዳና አየች፣ ውሸት እንደሚጠበቅባት ገብቷታል፣ ግን ምን ብላ እንደምትዋሽ አላወቀችም።

«ወንበሩ» አለች። «ቤታችን ስምንት ነን። እዚህ ስቀመጥ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደኛል። ይቅርታ እትዬ።»

የተኛ ሰው አይሰለቸውም። ክሩቤል መነጽሩን አወለቀ። ኤልዳና ልጅቷን እስከ ደጅ ሸኘቻት፤ እንቅልፍ ባሸነፋት ቁጥር እየመጣች እንድትተኛም ነገረቻት። ለያፌት ግን ምንም አልነገረችውም፤ ወንድሟ አንድ ሰው ሰምቶታል ብሎ እንዳመነ ነሐሴ ሲጋመስ ሞተ። ይህን ስታስብ መጽናናት ይሁን ማፈር ያለባት አልታወቃትም። ሁለቱም አልመጡላትም።

እድሩ ሕንፃው ሥር ድንኳን ተከለ። ቅርጫቱ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ ሰዉ ሹኩን እየጣለ ገባ። የለቅሶ ቤት ዝምታ የሚታወቅ ነው። ባዶ ጆሮ ያልለመደ ሰው ምን እንደሚያደርገው አያውቅም፤ ያስላል፣ ጫማውን ያያል፣ ንፍሮውን አንድ በአንድ ይበላል። ሙሾ አውራጇ እማማ ብሩክታዊት ደረቷን እየመታች ጀመረች፣ ጥቂት ሴቶች ተቀበሏት፣ ከዚያ ተወችው። ያፌትን አታውቀውም፣ የምትለው አለቀባት። ክሩቤል መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጥሩወርቅም ሰምታ መጥታለች፤ ከሌሊት ፈረቃዋ መልስ ሳትተኛ ስለዋለች ዓይኗ ደም መስሏል።

ኤልዳና ቅጂውን ከማኖሪያ ቤቱ በፊርማ ተውሳ አምጥታው ነበር። ለራሷ ልትሰማው ነበር ያሰበችው። ዝምታው ሲከብድ ተነሥታ የእድሩን ድምፅ ማጉያ ለመነችና ለቀቀችው።

ሰዉ ደነገጠ። አንድ ሙዚቃ ለሁሉም ሲሰማ የብዙዎቹ ዕድሜ አይቶት አያውቅም። አንዱ ሽማግሌ ጆሮውን ነካ፣ ሹኩ እንደሌለ አረጋግጦ እጁን አወረደ። ማንም ግን አልተነሣም። ለቅሶ ቤት ድምፅ እየተሰማ፣ የሟች እህት ፊት ለፊት ተቀምጣ እያለ፣ ትቶ የሚወጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲታማ ይኖራል። ሰዉ ዙሪያውን ተያየ፤ ሊያልቅ ነው ሲሉት ይቀየራል፣ ተቀየረ ሲሉት ይቆማል፣ ቆመ ሲሉት ሌላ ይጀምራል። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ምን ያህል ቢወዱት ነው» ስትል ተሰማ።

እማማ ብሩክታዊት ደረቷን በምቱ ልትመታ ሞክራ ሳተችው። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ሳተችው፣ ተናደደች። ኤልዳና ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና ጉልበቷ ላይ በጣቷ መታችላት፤ ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አሮጊቷ ገባት። ደረቷ ላይ ያዘችው፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ያዙት፣ ከነሱ ጎን ያሉትም እንዲሁ። ጌዲዮን ኪቦርዱን ይዞ ሲገባ ያፌት አቆመ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው እጅም ሁሉ አብሮት ቆመ። ማን እንዳስቆማቸው አይታወቅም። ኤልዳና ያኔ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሊነሣ ሲል ተሰማት፣ ግን እጇ ተመልሶ መምታት ነበረበትና መታች።

ሲያልቅ ማንም አልተነቃነቀም። ሚኒባሱ የተነሣበት ቦታ ስለተመለሰ ሰዉ እንደገና የሚጀምር መስሎት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በመጨረሻ ያ ሽማግሌ ማለቁን ጠየቃት፤ አልቋል አለችው። ወጥተው ከቅርጫቱ ሹኮቻቸውን እያነሡ ሄዱ።

ከሰልስት በኋላ ኤልዳና ክሩቤል ቢሮ ገባች። ድንኳን ሙሉ ሰው፣ ሁሉም አዲስ፣ እስከ መጨረሻው ሰምቷል አለችው። ተመልሶ መምጣቱ እንኳ ቢቀር፣ ይህ ለአንድ ዓመት ማራዘሚያ አይበቃም ወይ ብላ ጠየቀችው። ክሩቤል ሹኮች የሰሙት የሚሰፍርበትን መዝገብ ከፍቶ አሳያት። በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ ምንም የለም።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ እኔም ነበርኩ» አላት መነጽሩን አውልቆ። «የእኔም ሹክ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ጆሮዬ የሰማውን በምን ላስመዝግበው?»

እሱ ራሱ ስለ መሀሉ ሊጠይቃት ፈልጎ ነበር፤ ግን መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ጳጉሜ ላይ ተከደነ። ሥነ ሥርዓት የለውም፤ ከበሩ በላይ ያለችው መብራት ትነቀላለች። ኤልዳና ቅጂውን መለሰች፣ ፈረመች። በመስከረም የዝናብ ክፍል ውስጥ ተመደበች። የዝናብ ድምፅ አስለማጅ አያስፈልገውም፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ሥራዋ የዝናቡን ዓይነት ማስመረጥ ብቻ ነው፤ የቆርቆሮ ላይ፣ የቅጠል ላይ፣ የሩቅ። ሰውነቷ ወፈረ። ጥሩወርቅ አንዳንዴ እየመጣች የቅጠል ላይ ዝናብ እየሰማች ትተኛለች። ኤልዳና ሙዚቃውን በሐሳቧ ልታስኬደው ስትሞክር መጀመሪያውን ታገኘዋለች፣ መሀሉ ላይ ሹኳ ሐዘን መስሎት ይገባና የሚያባብል ነገር ይደርብባታል። በበዓል ሰሞን መጀመሪያውም ጠፋት።

በሚያዝያ የሥራ ባልደረባዋ አባት ሞቱና ለቅሶ ለመድረስ አየር ጤና ሄደች። የምታውቀው ሰው አልነበረም፤ ሹኳን ቅርጫቱ ውስጥ ጥላ ገባችና ከኋላ ተቀመጠች። ንፍሮ አቀረቡላት። ለደንቡ ያህል ተቀምጣ ልትወጣ ነበር።

ሙሾ አውራጇ ወጣት ሴት ናት። ግጥሟን ጨረሰችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ድንኳኑ ሁሉ ተቀበላት። አንዱ ወገን በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ፤ ጊታሩ ነበር፣ ግን ዝግ ብሏል፣ ወደ ታች ወርዷል፣ ጊታር እንደነበረ የሚያውቅ የለም። በማዶ ያሉት ወንዶች ባሱን ያዙ። የተሳሳተ ቦታ ብዙ ነበረው። አንድ ሙሉ ክፍል ዘለሉ፣ ሌላውን ሁለቴ አሉት፣ ባንዱ ያልሠራው የእነሱ የሆነ እንጉርጉሮም ተጨምሮበታል።

ኤልዳና ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም፤ መውጣት ብቻ ነው የፈለገችው። አጠገቧ የተቀመጠች ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ልጅ እጇን ቀስ ብላ ያዘቻት።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለቻት በሹክሹክታ። «ዙሩ ሳያልቅ አይወጣም፣ ነውር ነው።»

ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የለቅሶ ነዋ። ድሮም የነበረ ነው።» ልጅቷ የኤልዳናን ፊት ስታየው አዘነችላት። «እርስዎ አዲስ ነዎት?»

ኤልዳና የያፌትን ስም ልትነግራት ፈለገች። የጌዲዮንንም፣ የሌሎቹንም፣ በቀለበት መንገዱ የሚዞረውን ሚኒባስም። ልጅቷ ግን ጆሮዋን ወደ ሙሾው መልሳ ነበር፣ ዙሩም እየሄደ ነው።

«አዎ፣ አዲስ ነኝ» አለች።

ተቀመጠች። ልጅቷ እንዳያደናቅፋት ብላ ጉልበቷ ላይ በጣቷ መታችላት፣ ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እንደዚህ ከፋፍለው ቢይዙት ይቀልዎታል አለቻት። ኤልዳና በጨዋ ደንብ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከሰዉ ጋር መታች፣ መሀሉ ሲደርስ ሁሉም እጅ ባንድ ጊዜ ቆመ፣ የእሷም ቆመ። ኪቦርዱ የሚገባበት ቦታ ላይ ማንም ምንም አላለም፤ የጌዲዮን ነገር ጠፍቶ ያፌት ያቆመበት ዝምታ ብቻ ቀርቷል። ሰዉ ያን ዝምታ ልክ በልኩ ጠበቀው፣ ከዚያ እጁ ሁሉ ባንድ ላይ ወረደ።

የዚያን ጊዜ አለቀሰች። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ ልጅቷ ብቻ ለሟቹ ምናቸው እንደሆነች ጠየቀቻት።